አምስት ደቂቃ ዝም ማለት

አሻንጉሊት የሚያስፈራበት ፊልም ለመሥራት ቀላሉ መንገድ አሻንጉሊቱን ከተቀመጠበት ማስነሣት ነው። ሌሊት ዓይኑን ይገልጣል፣ ከወንበሩ ይወርዳል፣ ቢላዋ ያነሣል። ተመልካች ለጊዜው ይጮኻል፤ ከአዳራሹ ሲወጣ ግን እንጨት በእግሩ እንደማይሄድ ስለሚያውቅ ፍርሃቱን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። በ1978 ለእይታ የበቃው «ማጂክ» (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚህ አቋራጭ አልሄደም። እዚህ ፊልም ውስጥ ያለው አሻንጉሊት፣ ፋትስ፣ እንጨት ሆኖ ጀምሮ እንጨት ሆኖ ይጨርሳል። ጋኔን አልሰፈረበትም፣ እርግማንም የለበትም። እንዲያም ሆኖ ፊልሙን ያየ ሰው ከዓመታት በኋላ የሚያስታውሰው የእሱን ፊት ነው። ይህን ያመጣው የባለሙያዎቹ እጅ ነው፤ ያንን እጅ ጠጋ ብሎ ማየት ትልቅ ደስታ ይሰጠኛል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኮርኪ ዊዘርስ ጣቶቹ የሠለጠኑ፣ አንደበቱ ግን የታሰረ ምትሃተኛ ነው። ብቻውን መድረክ ላይ ሲወጣ የሚያየው ሰው የለም። በኋላ ግን አፉ ያልታረመ የእንጨት አሻንጉሊት ይዞ ይመጣል፤ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በአሻንጉሊቱ ድምፅ መናገር ሲጀምር አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፣ ዝናም ይመጣል፣ ቴሌቪዥንም ይፈልገዋል። ጣቢያው ከውሉ በፊት የሕክምና ምርመራ ሲጠይቅ ኮርኪ አሻፈረኝ ይላል፤ ከኒው ዮርክ ሸሽቶ ወዳደገበት ወደ ካትስኪልስ ተራሮች ይሄዳል። እዚያ ሐይቅ ዳር ጎጆ የምታከራየው ሴት ፔጊ አን ስኖው ናት፤ ተማሪ ሳለ ይወዳት የነበረች፣ ደፍሮ ግን ያልነገራት። አሁን ባለትዳር ናት፤ ትዳሯም አልሰመረም። ፋትስ ደግሞ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ሰው እንዲገባ አይፈልግም።

ዊልያም ጎልድማን በ1976 ያሳተመውን ልቦለድ ራሱ ለፊልም ጻፈው፤ ፕሮዲውሰሩ ጆሴፍ ሌቪን፣ ዳይሬክተሩ ሪቻርድ አተንቦሮ፣ ዋናው ተዋናይ አንቶኒ ሆፕኪንስ ነበሩ። አራቱም በ1977 «ኤ ብሪጅ ቱ ፋር» በተባለው፣ ታንክና ፓራሹት በሞላበት ግዙፍ የጦርነት ፊልም ላይ አብረው ሠርተዋል። ከዚያ ወጥተው አንድ ጎጆ፣ አንድ ሐይቅና ጥቂት ሰዎች ብቻ ወዳሉበት ታሪክ መግባታቸው ድፍረት ይጠይቃል። በትልቅ ሜዳ ላይ ስሕተት ይደበቃል፤ ሁለት ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ግን የዓይን ሽፋሽፍት እንኳ ይታያል።

የመጀመሪያውን ትዕይንት ልብ ብሎ ያየ ሰው የፊልሙን ቁልፍ ከወዲሁ ያገኛል። ኮርኪ የመጀመሪያ የመድረክ ምሽቱን ጨርሶ ወደ መምህሩ፣ መርሊን ወደሚባለው ታማሚ ሽማግሌ ይመለሳል። እንዴት እንደነበር ሲጠየቅ ደህና እንደሆነለት ያወራል። ድምፁ ስለ መልካም ምሽት ሲተርክ ሥዕሉ የሚያሳየን ሌላ ነው፤ ታዳሚው እርስ በርሱ ያወራል፣ ካርታውን ከቁም ነገር የቆጠረው የለም፣ በመጨረሻም ኮርኪ ትዕግሥቱ አልቆ ሰዉ ላይ ይጮኻል። ኤዲተሩ ጆን ብሉም ድምፅና ሥዕልን እንዲህ አራርቆ ሲያስቀምጣቸው የሰውየውን ሕመም ያለ አንድ የማብራሪያ ቃል ነግሮናል። አሻንጉሊቱ ገና ብቅ አላለም። የኮርኪ ድምፅ ግን ከኮርኪ ገላ ተለይቶ የራሱን መንገድ ይዟል።

ከንፈር ሳያንቀሳቅሱ መናገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የፈለገ ሰው መስታወት ፊት ቆሞ፣ ጥርሱን ገጠም፣ ከንፈሩን ላላ አድርጎ ይሞክረው። «ለ»፣ «ነ»፣ «ሰ»፣ «ከ» ሳያስቸግሩ ይወጣሉ፤ ምላስ ብቻዋን ትሠራቸዋለች። «በ»፣ «መ» እና «ፐ» ላይ ሲደርስ ግን ከንፈር ከከንፈር ካልተነካካ አይሆንም። ባለሙያው ለእነዚህ ምትክ ያዘጋጃል፤ በ«በ» ፈንታ ለስላሳ «ደ»፣ በ«መ» ፈንታ «ነ» ይላል፤ ዜማውንና ፍጥነቱን ሳያዛባ ስለሚያልፍ የሰሚው ጆሮ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ሁለተኛው ዘዴ የዓይን ነው። ሰው በተፈጥሮው የሚንቀሳቀስ አፍ ላይ ያፈጣል። ተናጋሪው ፊቱን ወደ አሻንጉሊቱ መልሶ በመገረም ሲያዳምጠው ታዳሚውም አብሮት ወደዚያው ይዞራል፤ ድምፁም ከእንጨቱ የወጣ ይመስላል።

ሆፕኪንስ ለዚህ ሲዘጋጅ አማካሪው ዴኒስ አልዉድ የተባለ የሙያው ሰው ነበር። የኮርኪም የፋትስም ድምፅ የሆፕኪንስ ነው። ከንፈሩን መያዙ ብቻ አያስደንቀኝም፤ በፊልም ሥራ ድምፅን በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ መቅዳት ይቻላል። የሚያስደንቀኝ ማዳመጡ ነው። ፋትስ ሲሰድበው የኮርኪ ፊት ስድቡን አሁን ገና እንደሰማ ሰው ይደነግጣል፤ ፋትስ ሲቀልድ ቀልዱ መጨረሻው እስኪደርስ ጠብቆ ይስቃል። አንድ ሰው ከራሱ ጉሮሮ በወጣ ቃል ሲሰደብ፣ ሲሸማቀቅና ሲማረክ እናያለን። ለሁለቱ የሰጣቸው አነጋገርም የተለየ ነው። ኮርኪ ቃሉን እየፈለገ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከመሃል እየተወ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ይናገራል። የፋትስ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ከአፍንጫ የሚወጣ፣ የሚቸኩልና ለማንም የማይመለስ። ሁለቱ ሲጣሉ መልስ በመልስ ላይ ይደራረባል፤ ማን ጀምሮ ማን እንደመለሰ መለየት ያስቸግራል። ሆፕኪንስ በ1991 ሐኒባል ሌክተርን ሆኖ ዓለምን ሳያስደነግጥ በፊት አሥራ ሦስት ዓመት ቀድሞ ይህን ሠርቶ ነበር፤ ለእኔ ይኛው ይከብዳል። ሌክተር ራሱን የገዛ ሰው ነው። ኮርኪን መጫወት ማለት ግን ራሱን መግዛት ያቃተውን ሰው፣ ራስን ፈጽሞ በመግዛት ማሳየት ነው።

ፋትስ ራሱም ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው። ፊቱ የሆፕኪንስን ፊት አጋንኖ የያዘ ነው፤ ጭንቅላቱ ከገላው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ፣ አፉ ሰፊ፣ ዓይኑ የፈጠጠ። እንዲህ ዓይነት አሻንጉሊቶች ጀርባቸው ክፍት ነው፤ እጅ በዚያ ገብቶ ጭንቅላቱን የተሸከመውን ዘንግ ይይዛል፣ አፉንና ዓይኑን የሚያንቀሳቅሱትን ማንሻዎች በጣት ይነካል። የእጁ ብልጠት ሲጨመርበት ሕይወት ያለው ይመስላል፤ እጁ ሲወጣ ደግሞ ዕቃ ነው። ፊልሙ ውስጥ ግን የሚያስፈራው በዕቃነቱ ጊዜ ነው። ይህንን የሠሩት ካሜራማኑ ቪክተር ኬምፐርና ኤዲተሩ ብሉም ናቸው። ፋትስን እንደ አንድ ተዋናይ ቆጥረውታል። ኮርኪና ፔጊ ሲያወሩ በመሃል ወደ እሱ ይቆርጣሉ፤ የሰማውን እንዴት እንደወሰደው ሊያሳዩን ይመስላል። ፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። እኛ ግን ቅናት አይተናል።

ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ያልተለወጠ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከአንዲት ሴት ጎን አስቀጥሎ አሳይቶ ነበር፤ ተመልካቹ በፊቱ ላይ ረሃብን፣ ሐዘንን፣ ፍላጎትን አነበበ ይባላል። እዚያ ግን ፊቱ የሰው ነበር፤ ትንሽ ነገር ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። «ማጂክ» ይህንኑ በእንጨት ላይ ያደርገዋል። እንጨት ምንም የሚያሾልከው ስለሌለው ቅናቱም ክፋቱም ትዕግሥቱም ሙሉ በሙሉ ከተመልካቹ የወጣ ነው። ኮርኪ በፋትስ ላይ የሚያደርገውን እኛም ወንበራችን ላይ ተቀምጠን እናደርገዋለን። ፊልሙ ሲወጣ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የተላለፈው ማስታወቂያ የፋትስን ፊት ብቻውን እያሳየ ጥቂት ስንኝ ያስብለው ነበር፤ ልጆች ስለፈሩ ወላጆች አቤቱታ አቅርበው ከአየር ላይ ወርዷል። ማስታወቂያው አጠገቡ ሰው ሳያሳይ አሻንጉሊቱን ብቻውን አናገረው። ፊልሙ ውስጥ ይህ አይደረግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኤጀንቱ ቤን ግሪን የሸሸውን ኮርኪን ፈልጎ ሐይቁ ዳር ድረስ ይመጣል። የሚጫወተው በርጀስ ሜሬዲዝ ነው፤ ከ«ማጂክ» ሁለት ዓመት በፊት በ«ሮኪ» አሠልጣኙን ሆኖ ያየነው። ኮርኪ ከፋትስ ጋር ሲጨቃጨቅ እጅ ከፍንጅ ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ ሌላ ደራሲ ቢሆን ጩኸት ይጽፍ ነበር። ጎልድማን የጻፈው ትንሽ ጥያቄ ነው። ቤን ይቀመጥና ኮርኪን ቀለል ያለ ነገር ይጠይቀዋል፤ ፋትስን ለአምስት ደቂቃ ዝም አሰኘው።

ኮርኪ ይስቃል። አምስት ደቂቃ ምን አላት? ከዚያ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ካሜራው በሦስት ፊቶች መካከል ይመላለሳል፤ ሰዓቱን የሚያየው ሽማግሌ፣ ፈገግታው ፊቱ ላይ የደረቀ ወጣት፣ አፉን የገጠመ እንጨት። መጀመሪያ ኮርኪ ዘና ለማለት ይሞክራል። ቀጥሎ እጁ ማረፊያ ያጣል። ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ያለፈው ጊዜ ከጠበቀው እጅግ ያነሰ ነው። እንደገና ይሞክራል፤ ስለማይረባ ነገር ይናገራል፣ ቃሉ ይደናቀፋል፣ ትንፋሹ ይለወጣል። ሆፕኪንስ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ብዙም ሳይነሣ፣ ሳይጮህ፣ ዕቃ ሳይሰብር ነው። ሱስ ያለበት ሰው ከእቃው ፊት ለፊት ተቀምጦ አልነካም ሲል የሚታየው ዓይነት ላብ ነው። በመጨረሻ አልቻለም፤ ፋትስን አንሥቶ ይናገርበታል፤ ታፍኖ የቆየው ሁሉ ባንዴ ይፈስሳል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ያጋጥመኛል፤ ብዙ ሰውም እንደሚያጋጥመው አምናለሁ። ፋትስ ሲናገር እፎይ እላለሁ። ያ ባለጌ፣ ያ ክፉ ድምፅ ተመልሶ ሲመጣ ደረቴ ይላላል። አተንቦሮ ጸጥታውን እስኪያስጨንቀን ድረስ ስላረዘመው እኛም አሻንጉሊቱ እንዲናገር ፈልገናል። ስለ ሰውየው ሕመም የሚሰጠን እውቀት ይህ ነው፤ በሐኪም አፍ የተነገረ አይደለም። በ1960 ሂችኮክ «ሳይኮ»ን ሲጨርስ የአእምሮ ሐኪም አምጥቶ የገዳዩን በሽታ በረጅም ንግግር ያስረዳል፤ ከዚያ ትልቅ ፊልም ውስጥ በጣም ደካማው ክፍል እሱ ይመስለኛል። ጎልድማን ምርመራውን ወደ ጨዋታ ለወጠው፤ ውጤቱን ለማንበብ ደግሞ የእጅ ሰዓት ብቻ በቃው። ሜሬዲዝም ያሸነፈ ሰው ፊት አያሳይም። የሚወደውን ልጅ ሆስፒታል መውሰድ እንዳለበት የገባው የሽማግሌ ፊት ነው፤ ቀድሞውንም መልሱን የፈራ ሰው።

የጄሪ ጎልድስሚዝን ሙዚቃ ሳላነሣ ማለፍ ግፍ ነው። ጎልድስሚዝ በ1976 «ዘ ኦመን»ን ሠርቶ ኦስካር የወሰደ ሰው ነው፤ እዚያ መዘምራንን በሙሉ ኃይል ተጠቅሞ ነበር። እዚህ ለፋትስ የሰጠው ሃርሞኒካ ነው። የኮርኪና የፔጊ ፍቅር በለስላሳ የክር መሣሪያዎች ሲታጀብ በመሃል ያ ሃርሞኒካ እንደ ሳንባ በሽተኛ ሲር ይላል። ሃርሞኒካ ትንፋሽ ሲያስወጡም ሲያስገቡም ይጮኻል፤ ተጫዋቹ ደግሞ በሁለት እጁ ሸፍኖ ስለሚይዘው አፉ አይታይም። አፉን ደብቆ ለሚናገር ሰው ከዚህ የሚስማማ መሣሪያ አላገኝም። ድምፁ ሲመጣ ፋትስ ክፍሉ ውስጥ ባይኖርም አለ።

ፊልሙ እኩል ጠንካራ ነው አልልም። ቤን በራሱ በፋትስ ጭንቅላት ተመትቶ ይወድቃል፣ ሐይቁ ውስጥም ሰጥሞ ይሞታል፤ ይህ ያስደነግጣል፣ ለታሪኩም ይገባል። የፔጊ ባል ዱክ ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ ሬሳ ይገኛል አይገኝም ወደሚል የተለመደ ልብ ሰቀላ ይወርዳል። ኤድ ላውተር ዱክን ጥሩ አድርጎ ተጫውቶታል፤ በተለይ ከኮርኪ ጋር ጀልባ ላይ ሆኖ ስለ ትዳሩ ሲናገር ክፉ ብቻ ያልሆነ ሰው እናያለን። ቢሆንም የፖሊስ ልቦለድ አንባቢ ቀጥሎ የሚሆነውን አስቀድሞ ይገምተዋል። ዱክ ጎጆው ውስጥ ሲገደልም አሻንጉሊቱ በራሱ ተነሥቶ የወጋ እስኪመስል ድረስ ይተውናል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ኮርኪ ሲወጣ ደንቡ እንዳልፈረሰ እናውቃለን። ልክ ጫፉ ላይ ቆሞ አልወደቀም።

ከአምስት ደቂቃዋ ቀጥሎ የምወደው የካርታው ትዕይንት ነው። ኮርኪ ፔጊን አንድ ካርታ እንድትመርጥና በልቧ እንድትይዘው ይጠይቃታል፤ ሐሳቧን አነባለሁ ይላል። መጀመሪያ አይሆንለትም። እንደገና እንሞክር ይላል። ልመናው እየጠነከረ ሲሄድ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ይቀራል፤ ካርታውን ካላገኘ የሚሞት ይመስላል። ፔጊን የምትጫወተው አን-ማርግሬት እዚህ ላይ ያላትን የኮከብነት ውበት ወደ ጎን አድርጋ፣ ትዳር ያደከማት፣ ሰው ከልቡ ካያት ዓመታት ያለፏትን ሴት ታሳየናለች። ፊቷ ላይ ፍርሃትና ተስፋ አብረው ይሄዳሉ። ሲያገኘው ፍቅር አረጋገጠ ብለን ከእሷ ጋር ደስ ይለናል። በኋላ ፋትስ ያ ሁሉ ሴት ማጥመጃ ዘዴ እንደነበር ለፔጊ ሲያወጣባት ያ የምንወደው ትዕይንት ወደ ኋላ ተመልሶ ይበላሻል። ፋትስ የነገራት እውነት ነው። አፉ ደግሞ የኮርኪ አፍ ነው። ኮርኪ የሚያፍርበትን እውነት የሚናገርበት ሌላ አፍ የለውም።

ይህ ዓይነት ታሪክ ለፊልም አዲስ አልነበረም። በ1945 በእንግሊዝ የተሠራው «ዴድ ኦፍ ናይት» ውስጥ፣ አልቤርቶ ካቫልካንቲ ባዘጋጀው ክፍል፣ ማይክል ሬድግሬቭ ሁጎ በሚባል አሻንጉሊት የተያዘ ሰው ሆኖ ድንቅ ትወና አሳይቷል። ከ«ማጂክ» አሥር ዓመት በኋላ ደግሞ የሳንዶር ስተርን «ፒን» አሻንጉሊቱን ከመድረክ አውጥቶ ሐኪም ክሊኒክ ውስጥ አስቀመጠው። ካቫልካንቲ አሻንጉሊቱ ምናልባት ሕይወት አለው የሚለውን በር ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፤ በዚህም ብዙ ሰው ይመርጠዋል። እኔ በሩን ዘግቶ የሚያስፈራኝን እመርጣለሁ።

መጨረሻው ላይ ፋትስ ኮርኪን ፔጊን ግደላት ይለዋል። ኮርኪ ቢላዋ ይዞ ይሄዳል፣ ቢላዋው ደም ይዞ ይመለሳል። ደሙ የራሱ ነው፤ እሷን ትቶ ራሱን ወግቷል። ከዚያ ፋትስም መድከም ይጀምራል፤ ሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሚሞት ይነጋገራሉ። ሆፕኪንስ ሁለቱን ድምፆች ከአንድ በሚያልቅ ትንፋሽ እያካፈለ ይጫወታቸዋል፤ የፋትስ ችኮላ ጠፍቷል፣ የኮርኪ መንተባተብም ጠፍቷል። ፔጊ ግን ይህን አታውቅም። ሐሳቧን ለውጣ አብራው ለመሄድ ቆርጣ፣ ኮርኪ ከእንጨት የቀረጸላትን ልብ ይዛ፣ በደስታ እየተጣራች ትመጣለች፤ ስትጣራም የፋትስን ድምፅ ታስመስላለች። አንዳንድ ሰው ይህን ርካሽ ማስደንገጫ ነው ይለዋል፤ ሕመሙ ወደ እሷ ተላለፈ ሊለን ነው ብሎ። እኔ እንደዚያ አላየውም። አን-ማርግሬት ድምፁን አጥርታ አታስመስለውም፤ ይሰበርባታል፣ የሴትነቷ ድምፅ ከሥሩ ይሰማል፣ ማንኛውም ሰው ለወዳጁ እንደሚቀልድ ትቀልዳለች። በሽተኛ ብትሆን ኖሮ በትክክል ታወጣው ነበር። ፔጊ ጤነኛ ናት፤ ያ ድምፅ ለእሷ የፍቅር ቀልድ ብቻ ነው፤ ተዋናይቱም ከዚያ በላይ አልጨመረችበትም።